የደቡቡን መንገድ የዘጋችው አርዲስ

አርዲስ ክላውሰንን አልወዳትም። አስቀድሜ ልናገረው፤ ኋላ ዳርላ ሰውን ከጀርባ ታማለች እንዳይባል። ፊት ለፊቷ ብያታለሁ፤ እሷም «እኔም አንቺን አልወድሽም» አለችኝና ሁለታችንም ወደ ሥራችን ተመለስን። ሥራችን ደግሞ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው። እኔ በቀኝ፣ እሷ በግራ፣ መሃል ላይ ስልኩና የካርታው ክምር።

ከተማችን ኬልበርን ከኮሌጇና ከብስክሌት መንገዷ ሌላ የሚወራላት ነገር የላትም። ባቡሩ ሥራ አቁሞ ሐዲዱ ሲነቀል መስመሮቹ ላይ ደቃቅ ጠጠር ተደለደለና በአራቱም አቅጣጫ የብስክሌት መንገድ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከቺካጎም ከሚኒያፖሊስም ጠባብ ቁምጣ የለበሰ ሽማግሌ ሁሉ ወደ እኛ ይጎርፋል። ከመምጣታቸው በፊት ወደ እንግዳ መቀበያው ቢሮ ይደውላሉ። የትኛው ሳምንት ይሻላል፣ የት እንደር፣ በየትኛው መንገድ እንጀምር እያሉ ይጠይቃሉ፤ እኛም ካርታውን ዘርግተን ጉዟቸውን አብረናቸው እናቅዳለን። ደመወዝ የለውም። ቤት መቀመጥ ያስጠላን ጡረተኞች ነን በየተራችን የምንገባው።

እንግዲህ ሰው የምትጠላ ሴት እንግዳ መቀበያ ቢሮ ምን ትሠራለች? እኔም መጀመሪያ ይኸው ነበር ጥያቄዬ። አርዲስ ዕድሜዋን የፈጀችው በኮሌጁ ወጥ ቤት ነው፤ ተማሪ ሁለተኛ ሳህን ሊያስሞላ ሲመጣ ጭልፋውን ወደ ኋላዋ የምትደብቅ ነበረች ይላሉ። ፈገግታዋን አየሁ የሚል ሰው አላጋጠመኝም። እሷ በፈቃዷ መጥታ «ስልክ ላንሳላችሁ» ስትል ሁላችንም ተገርመን ነበር። ምክንያቱ የገባኝ አጠገቧ ተቀምጬ ጆሮዬን ጣል ሳደርግ ነው። አርዲስ እዚያ የተቀመጠችው እንግዳ ለመቀበል ሳይሆን እንግዳ ለመመለስ ነው።

ከአራቱ መንገዶች የደቡቡ በእርሻዋ ጓሮ ያልፋል። በወንዙ ዳር ዳር፣ በገደሉ ሥር፣ በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ የሚሄድ፣ ካሉን መንገዶች ሁሉ አንደኛው ነው። አርዲስ ግን ማንንም አታሳልፍበትም። በሚያዝያ ለደወለ ጎርፍ ወስዶታል ትለዋለች። በሐምሌ ለደወለ እባብ አለ፤ ከእባቡ ላመለጠ ደግሞ ቢነካ ቆዳ የሚልጥ ሐረግ አለ። በጥቅምት አዳኞች ይተኩሳሉ። ድልድዩማ ዓመቱን ሙሉ በጥገና ላይ ነው። አንዱ የቺካጎ ሰው ድልድዩ መቼ እንደሚያልቅ ቢጠይቃት፣ «እኔና አንተ ከሞትን በኋላ» ብላ ስልኩን ዘጋችበት። ሌሎቹ ሦስት መንገዶች ስላሉ ማንም ቀረብኝ ብሎ አልጮኸም። የወንዙ ዳር መንገድ የእሷ የግል ጓሮ ሆኖ ቀረ።

እርሻዋንም አይታችሁት ቢሆን ገርሟችሁ ነበር። መንገዱ ሲሠራ በአጥሯ ጥግ ሙሉ ጥድ ተከለች፤ ጥዱ እስኪያድግ ደግሞ የዛገ ቆርቆሮና የሞተ የእርሻ መኪና ደረደረች። ቤቱን ከየትም በኩል ማየት አይቻልም። ሰው ሲታመም በመጥበሻ የተጋገረ ምግብ ይዘን በኩሽና በር መግባት ልማዳችን ነው፤ አርዲስ ስትታመም ግን ከአውራ ጎዳናው፣ ከፖስታ ሣጥኑ አጠገብ ቆማ ትቀበላለች። ትኩሳት ይዟት እየተንቀጠቀጠች እዚያ ድረስ ትመጣለች እንጂ ደጃፏን አታስረግጥም። መጥበሻውን አጥባ እዚያው ሣጥኑ ላይ ታስቀምጥልናለች። ስስት ነው እንል ነበር። ከእህቷ የነጠቀችውን ቤት የሰው ዓይን እንዳያርፍበት ነው እንል ነበር።

የነጠቀችው ስል ዝም ብዬ አይደለም፤ እኔ ራሴ እዚያው ነበርኩ። የእናታቸው ቀብር ዕለት ነው፤ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ተሰብስበን፣ የአሳማ ሥጋ በዳቦ እየበላን፣ እኔ የቡና ማንቆርቆሪያ ይዤ በጠረጴዛዎቹ መሃል እየዞርኩ። አርዲስና ታላቅ እህቷ ኔልዳ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ኔልዳ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ቤቱን አንቺ ውሰጂው፤ እኔ አልፈልገውም» አለች።

የእናቱን ጡት የጠባ ሰው ቀጥሎ የሚሆነውን ያውቃል። እኛ ዘንድ የመጨረሻዋ የኬክ ቁራጭ እንኳ ሦስት ጊዜ ካልተለመነ አይነካትም፤ አንዱ እንካ ይላል፣ ሌላው አይ አንተ ይላል፣ ሲገፋፉ ኬኩ ይደርቃል። ቤትማ እንዴት ይሁን? አርዲስ «ኧረ ተይ፣ ታላቅ አንቺ ነሽ» ማለት ነበረባት። ኔልዳም አይሆንም ስትል፣ አርዲስ እንደገና፣ ከዚያም ሦስተኛ። አርዲስ ግን ሹካዋን አስቀመጠችና «እሺ» አለች።

ምድር ቤት ያለው ሁሉ መብላቱን ተወ። ማንኪያ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ኔልዳ ኮቷን ከወንበሩ አነሳች፣ ወጣች፣ ወደ ኦማሃ ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ ኬልበርንን አልረገጠቻትም። እህትማማቾቹ አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ሁለቱም አረጁ። አርዲስ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «እሺ አርዲስ» ሆነ። ፊት ለፊቷ ማንም አይላትም፤ ግን ታውቃለች። የአገሬው ዓይን ባያት ቁጥር ያንን እሺታዋን ያስታውሳታል፤ እሷም ለአገሬው መራራ ሆነችበት።

እንግዲህ ባለፈው ነሐሴ፣ ቢሮው ጭር ባለበት ቀትር ላይ ስልኩ ጮኸና አርዲስ አነሳችው። ጆሮዋ ስለደከመ የስልኩን ድምፅ ለቃ ነው የምታወራው፤ እኔ ሁሉንም እሰማለሁ።

«ኔልዳ ፍሪሰን እባላለሁ፤ ከኦማሃ ነው» አለ ስልኩ። «በጥቅምት ብስክሌቴን ይዤ ለሦስት ቀን ልመጣ አስቤ ነበር።»

ቀና ብዬ አርዲስን አየኋት። ፊቷ እንደ ግድግዳ ነው። አሁን ትዘጋዋለች ብዬ ጠበቅኩ። አልዘጋችውም። ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ለማንም ተጠቅማበት በማታውቀው የመሥሪያ ቤት ድምፅ፣ «ምን ልርዳዎት?» አለቻት። የገዛ እህቷን።

ከዚያ በኋላ የሰማሁትን የመሰለ የክፋት እቅድ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። የትኛው ሳምንት እንደሚሻል ስትጠየቅ፣ የኮሌጁ ትልቁ ጨዋታ ያለበትን ቅዳሜ ነገረቻት፤ ያን ቀን በኬልበርን እንኳን አልጋ በረት አይገኝም። ኔልዳ ግን ሞኝ አይደለችም፤ ጨዋታ ካለማ ሰው ይበዛል፣ በማግሥቱ ልምጣ አለች። ማረፊያ ብትጠይቅ ጭነት መኪኖች ሌሊቱን ሙሉ ሞተር እያስነሱ የሚያድሩበትን የአውራ ጎዳና ሆቴል ጠቆመቻት፤ «ጸጥ ያለ ነው» ብላ። ለመጀመሪያው ቀን ወደ ግድቡ የሚወጣውን የሰሜኑን መንገድ ሰጠቻት። ኔልዳ ሜዳ ነው ወይ ስትል፣ «እንደ መዳፍ» አለች። የሃያ ዓመት ጎረምሳ ወርዶ የሚገፋበት ዳገት ነው። ለሁለተኛው ቀን የምዕራቡን መደበችላት፤ ሲመለሱ ነፋሱ ፊት ለፊት እንዲመጣ አድርጋ። ሳልኩ፤ ወንበሬን ጎተትኩ፤ ዞርም አላለችልኝ።

«ለሦስተኛው ቀን የደቡቡን መንገድ ነበር ያሰብኩት» አለች ኔልዳ።

«ጎርፍ ወስዶታል።»

«በጥቅምት ምን ጎርፍ አለ?»

«በጥቅምት አዳኞች አሉ።»

«ከሩቅ የሚታይ ደማቅ ልብስ ለብሼ ብሄድስ?»

«ድልድዩ የለም።»

ኔልዳ ሦስት ጊዜ ለምና ሦስት ጊዜ ተከለከለች፤ እኛ ዘንድ ከሦስተኛው እምቢታ በኋላ ያለው ጦርነት ብቻ ነው። ኔልዳ ግን ድምፅዋ እንኳ ሳይለወጥ አመሰገነችና፣ «የረዱኝን ሰው ስም ማን ልበል?» አለች።

«ዳርላ» አለች አርዲስ፤ ዘጋችውም።

ደሜ ፈላ። በስሜ! ለዚያ ሁሉ ዳገትና ነፋስ ተጠያቂዋ እኔ ሆኜ ቀረሁ። ምን ቆርጦሽ ነው በስሜ የምትነግጂው፣ እህትሽ መሆኗን ያላወቅሁ መሰለሽ ወይ ብዬ ጮኽኩባት። ካርታዎቹን እያስተካከለች፣ እህት የለኝም፣ ስምሽንም ማንም አይፈልገው፣ አትንጫጪ አለችኝ። ሰባ ዓመት ያለፋትን ሴት ጭነት መኪና የሚያድርበት ሆቴል ውስጥ ልታሳድሪ ነው ብላት፣ «ቤቷ ትደር፤ ማን ነይ አላት?» አለችና ኮቷን ለብሳ ወጣች። የዚያን ቀን ተራዋ ገና አላለቀም ነበር። ለሌሎቹ ስልኮች ሁሉ መልስ ስሰጥ ዋልኩ።

በሳምንቱ አርዲስ በሌለችበት ቀን ኔልዳ ደወለች። ዳርላ ነኝ ስላት ሳቀች።

«ድምፅሽ ተለወጠ» አለች። «ያቺኛዋ ዳርላ የለችም?»

መልስ ሳትጠብቅ እሷው ቀጠለች። ከዚያ ድምፅ ጋር አንድ አልጋ ላይ እየተኛች እንዳደገች፣ ገና ጉሮሮዋን ስትጠርግ እንዳወቀቻት፣ ስልኩን እንዳትዘጋባት ብላ ብቻ እንግዳ መስላ እንዳወራቻት ነገረችኝ። ለነገሩ ያን ያህል ረጅም ወሬ ከእህቷ ጋር ካወራች ስንት ዘመኗ ነው። ስለ ዳገቱም ስለ ነፋሱም ታውቃለች፤ ያደገችበት አገር ነው እኮ፤ ነፋሱ ከየት እንደሚነሳ ይጠፋታል?

«አሁን እውነቱን ንገሪኝ» አለችኝ። «የደቡቡ መንገድ ክፍት ነው?»

«ወለል ብሎ ነው የተከፈተው» አልኳት።

«የእናቴ ቤት ከመንገዱ ላይ ይታያል?»

ስለ ጥዱና ስለ ቆርቆሮው ነገርኳት። በሰኔው ማዕበል አንድ ትልቅ ዛፍ ወድቆ አጥሩ ላይ ክፍተት ማውጣቱንም ነገርኳት። ከዚያ ዓይኗ እየጠፋ መሆኑን ተናገረች፤ ፊት ለፊት ያለውን አታይም፣ ዳር ዳሩን ነው የምታየው፤ ሐኪሙ ከመጪው በረዶ በኋላ እንኳን ብስክሌት የሰው ፊትም መለየት ያስቸግርሻል ብሏታል። ቤቱን አንድ ጊዜ አይታው መመለስ ነው የምትፈልገው። መንገዱ የሕዝብ ነው፤ ብስክሌት ላይ ሆኖ ማየት የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ለዚህ ነው በስተርጅና ብስክሌት የገዛችው።

«ለምን በሩን አንኳኩተው አይገቡም?» አልኳት።

«ነይ ሳትለኝ?» አለች። «አንድም ቀን ነይ ብላኝ አታውቅም፣ ዳርላ። እኔ ያልተጠራሁበት ቤት አላንኳኳም።»

ለአርዲስ እንዳልነግራት አደራ አለችኝ። ሰው ዳርላ ምስጢር አትችልም ይላል፤ ውሸት ነው፤ ሲያናድዱኝ ብቻ ነው የማልችለው። ከአርዲስ ጋር ግን ሳይናደዱ መዋል አይቻልም። መስከረም ሲጋመስ አንዲት እናት ከትንንሽ ልጆቿ ጋር መጥታ ቀላል መንገድ ብትጠይቃት፣ አርዲስ ስለ እባብ አውርታ ሕፃኗን አስለቀሰቻት። ከዚያ በኋላ አፌን የሚይዘው አልተገኘም።

እህትሽ ትመጣለች አልኳት። በደቡቡ መንገድ ነው የምትመጣው። ድምፅሽንም ገና ከመጀመሪያው ቃል አውቃዋለች። ዓይኗ እየጠፋ ነው፤ ዘንድሮ ያላየችውን ከርሞ አታየውም። አሁን ደግሞ ሂጂና ድልድዩን አፍርሺው፤ ያ ብቻ ነው የቀረሽ።

አርዲስ እንደ ወትሮዋ አልመለሰችልኝም። መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አደረገችው፣ ኮቷን ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ቢሮ አልመጣችም። ጎረቤቶቿ ግን ቀኑን ሙሉ የትራክተር ድምፅ ይሰማል አሉ። ክፍተቱ ላይ ቆርቆሮ እየቸነከረች፣ ነፋሱ እየገነጠለው፣ እንደገና እየቸነከረች ነበር። ሰው ለስስት ይህን ያህል ይለፋል ብዬ አንገቴን ነቀነቅሁ።

ኔልዳ ከጨዋታው በማግሥቱ ገባች፤ አልጋውን እኔው ደህና ቦታ አስይዤላታለሁ። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስትመጣ አየኋት፤ ትንሽዬ ሴት፣ ቢጫ የዝናብ ልብስ፣ ወፍራም መነጽር፣ ብስክሌቷ ላይ የገበያ ቅርጫት። ሲያወሯት ፊቷን ወደ ጎን አዘንብላ በዓይኗ ጠርዝ ታያለች። ሦስቱን ቀን በሦስት መንገድ ማለቱ ቀረ፤ ዛሬውኑ ወደ ደቡብ እንሂድ አለች። ብቻዋን ልተዋት አልሆነልኝም። የባሌን ብስክሌት ከጋራዥ አወጣሁና ተከተልኳት።

ከብስክሌት ጋር ከተለያየሁ ቆይቻለሁ፤ መቀመጫዬ ገና ከተማውን ሳንወጣ መክሰስ ጀመረ። ኔልዳ ግን ትበራለች። መኪና እንዳይገባ መሃል ላይ የተተከለው ግንድ ሲመጣ «ግንድ!» ብዬ እጮኻለሁ፤ እሷ ዞር ትልለታለች። በቆሎው ደርቆ ቆሟል። አንዳንድ ቦታ አጨዳ ጀምረዋል፤ አቧራው ጉሮሮ ይይዛል። በመንገዱ ላይ ነፍስ ያለው ሰው አላገኘንም፤ አርዲስ ሥራዋን በደንብ ሠርታለች። ድልድዩን ስንሻገር ኔልዳ ቆማ በእጇ ደባበሰችውና፣ «ከእኔ ይሻላል» አለች።

ከድልድዩ አልፈን ወንዙ ሲታጠፍ መንገዱ መሃል ከትራክተር ጋር የተያያዘ የድርቆሽ ጋሪ ተገትሯል። ከዳር እስከ ዳር። ላዩ ላይ ቆርቆሮና የዛፍ ግንድ ተቆልሎበታል፤ ሳንቃ ላይ በቀይ ቀለም «ተዘግቷል» ተብሎ ተጽፏል። ከፊቱ አርዲስ ቆማለች፤ የጎማ ቦት ጫማ፣ የወንድ ካፖርት፣ እጆቿ ደረቷ ላይ።

«መንገዱ ተዘግቷል» አለች። እህቷን ቀና ብላ አላየቻትም።

«የሕዝብ መንገድ ነው» አለች ኔልዳ።

«ድልድዩ አያስተማምንም።»

«አሁን ተሻግሬው ነው የመጣሁት፣ አርዲስ።»

ስሟን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። እኔ ግን ጣልቃ ገባሁ፤ የሕዝብ መንገድ መዝጋት ወንጀል መሆኑን፣ ፖሊስ እንደምጠራ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ማገዷ እንደማያዋጣት፣ በአፌ የመጣውን ሁሉ ነገርኳት። «አንቺ ዝም በይ» አለችኝ። ኔልዳም ዞር ብላ «አዎ፣ አንቺ ዝም በይ» አለች። በዚህ እንኳ ሁለቱ ተስማሙ።

ኔልዳ ብስክሌቷን እኔ ላይ አስደገፈችና በጋሪው ጎን ወደ ቦዩ ወረደች። እሾሁ ልብሷን ያዘው። አርዲስ ዘልላ እጅጌዋን ጨበጠች፤ ለአፍታ ሁለት አሮጊቶች ቦይ ውስጥ ተጓተቱ። አንዷ ሳትሰበር ቆሞ ማየት አልቻልኩም፤ ብስክሌቶቹን ጥዬ ሮጥኩ። እኔ ሳልደርስ ግን አርዲስ እጇን ለቀቀች። ኔልዳ በአራት እግሯ የቦዩን ዳር ወጥታ የአጥሩ ክፍተት ጋ ደረሰች። እኔም ከኋላዋ ደረስኩ፤ ያን ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት።

የቤቱ ግማሽ የለም። የሰሜኑ በኩል ጣራ ገብቶ ወለሉ ላይ ተኝቷል። የቀረው ላይ ሰማያዊ ሸራ ተወጥሮ የመኪና ጎማ ተጭኖበታል። ፎቁ ላይ ባለው መስኮት እርግብ ይገባል፣ ይወጣል። በረንዳው ተገንጥሎ ሣሩ ውስጥ ወድቋል። ጭስ የሚወጣው ከኩሽናው ብቻ ነው፤ ሴትዮዋ የምትኖረው እዚያች ኩሽና ውስጥ ነው። ስስት ስንል የኖርነው ይሄንን ነው።

ኔልዳ ፊቷን ወደ ጎን አዘንብላ ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ወደ ሌላው ጎን አዘነበለች፤ ዓይኗ የዋሻት መስሏት ይሆናል።

«ጣራው የት ሄደ?» አለች።

አርዲስ ከቦዩ ውስጥ ሆና መለሰች። «ወደቀ።»

«እና ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ?» አርዲስ ጮኸች። «ከአፍሽ ነጥቄ የወሰድኩትን ቤት ማቆም አቃተኝ ብዬ? አንድ ጊዜ ስትዪኝ እሺ አልኩ። እንደ ሰው መግደርደር ነበረብኝ፤ አልተግደረደርኩም። እናታችንን አልጋ ላይ ሳገላብጥ ከርሜ፣ ደክሞኝ፣ አንቺ ውሰጂ፣ አይ አንቺ ውሰጂ የምልበት አቅም አልነበረኝም። አገሩ ሁሉ ሲጠቋቆምብኝ ኖረ። የበላሁትን ቤት ደግሞ እንዲህ ሆኖ ያዩብኝ?»

«ከአፌ ምን ነጠቅሽኝ?»

«ቤቱን ነዋ!»

ኔልዳ ዞረች። ተቆጥታለች። «አልፈልገውም አልኩሽ እኮ። ያልኩሽ ስላልፈለግኩት ነው። ያኔም ያፈስ ነበር። መኝታችን ላይ ባልዲ ነበር፣ ረሳሽው? የሚያፈስ ቤት ማን ይፈልጋል? እሺ ስትዪኝ ገላገለችኝ ብዬ ነበር።»

«ኮትሽን አንስተሽ ወጣሽ። ሰው ሁሉ አይቷል።»

«በረዶ እየመጣ ነበር! ባሌ ሞተር አስነስቶ ጥሩምባውን እያምባረቀ ነበር። በበረዶ ውስጥ ኦማሃ ድረስ መንዳት አለብን። ሰው አየ፣ ሰው አለ፤ እኔን ጠየቅሽኝ?»

«ታዲያ ለምን ቀረሽ?»

«ነይ ስላላልሽኝ ነዋ!» አለች ኔልዳ። «የገና በዓል በመጣ ቁጥር ዘንድሮስ ትጠራኛለች ብዬ ቦርሳዬን አወርዳለሁ፤ ገና ሲያልፍ መልሼ እሰቅለዋለሁ። ቤቱን ያዘች፣ እኔን ግን አልፈለገችኝም ብዬ ነው የኖርኩት። ባሌን ስቀብር እንኳ አልመጣሽም።»

አርዲስ ቦዩ ዳር ካለው የጋሪው እንጨት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። የጥዱን ረድፍ ከዚህ እስከዚያ ድረስ አየችው፤ በገዛ እጇ የተከለችውን፣ ከላይ እስከ ታች። ከዚያ በጣም በቀስታ፣ ለራሷ የምታወራ መስላ ተናገረች።

«እና እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ከማን ነው የተደበቅኩት?»

ከወንዙ ማዶ የአጨዳው መኪና ያጓራል። ኔልዳ እሾሁን ከልብሷ እየነቀለች ቆየች፣ ከዚያ ወርዳ እህቷ ፊት ቆመች። አላቀፈቻትም።

«እሱን በኋላ ትነግሪኛለሽ» አለቻት። «አሁን ተነሺና በሩን ክፈቺልኝ፤ ጉልበቴ አልቋል።»

«የፊት ለፊቱ በር አይከፈትም» አለች አርዲስ። «በኩሽና በኩል ነው። የሚቀመጡበትም አንድ ወንበር ብቻ ነው ያለው።»

«አንቺ ትቆሚያለሽ።»

አርዲስ ተነሳች። እጇን ካፖርቷ ላይ ጠረገችና ለእህቷ ዘረጋችላት፤ ኔልዳ በዓይኗ ጠርዝ ፈልጋ አገኘችው። ሁለት እርምጃ ያህል እንደሄዱ አርዲስ ዞር ብላ እኔን አየችኝ፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ፊቷ ግን ያው የድሮው ነው።

«አንቺስ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ። «የትራክተሩ ቁልፍ ላዩ ላይ ነው። ጋሪውን ከዚያ አንሺው፤ የሰው መንገድ ዘግቷል።»

በክፍተቱ ገብተው ወደ ኩሽናው ሄዱ። እኔ ትራክተር ነድቼ አላውቅም። ወጣሁበትና የትኛው ፔዳል ምን እንደሚሠራ መፈለግ ጀመርኩ።